ኪኔሬት ላይ ሻርቂያ የነፈሰ ዕለት

ያን ቀን ካያክ በሚሏት ትንሽ የቀዘፋ ጀልባ ላይ ስወጣ ዋና አልችልም ነበር። ያደግሁበት የጎንደር ገጠር ወንዙ በበጋ ልብስ የምናጥብበት፣ በክረምት ግን ሰውና ከብት የሚወስድ ነበር፤ ስለዚህ እናቴ ስለ ውሃ ያስተማረችን አንድ ነገር ቢኖር ከእሱ መራቅን ነው። በልጅነቴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጣን። ቂርያት ጋት አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ይኸው አርባዎቹን ጀምሬአለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አሽቀሎን ባሕር ሄጄ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም።

ስሜ ትርንጎ ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ እዚያ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ማሽኑ ስለሚጮህ እኔም መጮህ ለመድሁ። ልጄ ሺራ፣ "ኢማ፣ ቤት ውስጥ እኮ ማሽን የለም" ትለኛለች። ገጠመኙ በደረሰብኝ ጊዜ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ኑሮዬ ከፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፋብሪካ ሆኖ ነበር። ሠርግ ሲጠሩኝ ምክንያት ፈልጌ እቀራለሁ፤ ለቅሶ ብቻ እሄዳለሁ።

ሺራ አንድ ልጄ ናት። ከሠራዊት ወጥታ ነርስነት ስትማር ኢታይ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደደች። ወላጆቹ ከእኛው አገር የመጡ፣ እሱ እዚህ የተወለደ ነው። ዘሩን አስቆጥሬ ከእኛ ጋር የማይገናኝ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ጥሩ ቴክኒሻን ነበር፤ ያን ሥራ ትቶ የተማሪ ልጆችን በየተራራውና በየወንዙ እየመራ ማስጎብኘት ጀመረ። ይህንንም እንደምንም ዋጥሁት። ያልዋጥሁት ሌላ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ብቻውን መጥቶ ሳሎን ተቀመጠና፣

"እትዬ ትርንጎ፣ ሺራን ማግባት እፈልጋለሁ" አለኝ።

"ሽማግሌዎችህስ?"

"ሽማግሌ የለም። እኔው ነኝ የመጣሁት።"

"አባትህ ቢሞቱም አጎት አለህ አይደል እንዴ? አሽዶድ ያሉት። የተከበሩ ሰው መሆናቸውን ሰምቻለሁ።"

"አጎቴን ለምን እናስቸግራለን? የምንጋባው እኛ ነን" አለ፣ ጫማውን እያየ።

እኔ የሰማሁት ንቀት ነው። አባቷ ቢኖር እንዲህ አይደፍርም፤ ባል የሞተባት ሴት ቤት ስለሆነ እንደ ሱቅ ዘው ብሎ ገባ አልሁ በልቤ። "እንግዲያው የምትልከው ሰው ስታገኝ ተመለስ" ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት ደጄን አልረገጠም። ሺራም ከእኔ ጋር አንድ ገበታ እንበላለን እንጂ ወሬ አትነግረኝም።

ለፋሲካ በዓል ፋብሪካው ሲዘጋ፣ በበዓሉ መካከል ባሉት ቀናት ሺራ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

"ኢማ፣ ኪኔሬት እንሂድ። ድንኳን ተክለን እናድራለን። በወንዙ ውስጥ እንሄዳለን፣ ካያክ አለ።"

"ከማን ጋር?"

"ታውቂያለሽ ከማን ጋር።"

እምቢ ልል አፌን ከፈትሁ። ፊቷን ሳይ ግን፣ አሁን እምቢ ካልሁ ይህች ልጅ ሁለተኛ አትጠይቀኝም የሚል ነገር መጣብኝ። "እሺ" አልኋት።

ኪኔሬት የገሊላ ባሕር የሚሉት ሐይቅ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ጫፉ ላይ የተፈጥሮ ፓርክ አለ። ከጎላን ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች በሸምበቆና በቄጠማ መካከል ተከፋፍለው ወደ ኪኔሬት ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ ደርሰን ድንኳን ተከልን፣ አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን በጫማችን ጅረቱ ውስጥ ገብተን ሄድን። ውሃው አንዳንድ ቦታ ወገቤ ድረስ መጣ። አምባዛ እግሬን ሲነካኝ ጮህሁ፤ ሺራ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ መስማቴ ስለነበር ደግሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ኢታይ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ "እዚህ ድንጋይ አለ፣ ይጠንቀቁ" ይለኛል። እኔ ቀና ብዬ አላየውም።

ምሳችንን የፋሲካ ቂጣ በእንቁላልና በቲማቲም ቀማመስን። ቀኑ ሞቃት ነበር። ሰማዩ ላይ ጭጋግ የመሰለ አቧራ ስላለ ጎላን ከኋላችን እንደ ጥላ ብቻ ይታያል። ነፋስ የሚባል የለም፤ ሐይቁ እንደ ሰሐን ተዘርግቷል።

"እናንተ ሁለታችሁ በካያክ ሂዱ፤ እኔ ድንኳኑን እጠብቃለሁ" አለች ሺራ። ለዚህ ብላ እንዳመጣችኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

"እኔ? ውሃ ላይ?"

"እትዬ፣ ከዳር አንርቅም" አለ ኢታይ። "ሸምበቆውን ዞረን እንመለሳለን። ካያኩ አይሰምጥም፣ ፕላስቲክ ነው። እርስዎ ፕላስቲክ ያውቃሉ።"

ሳልፈልግ ፈገግ አልሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሶ ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቆ አሰረልኝ። የራሱን ግን አልለበሰም፤ ሙቀቱን ጠልቶ ከመቀመጫው ኋላ ሸጎጠው፤ ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ እዚያው ጃኬቱ ላይ አንጠለጠለ። ካያኩ ረጅም፣ ላዩ ክፍት የሆነ ነው፤ ሰው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጡ አይገባም። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወጣን።

መጀመሪያ የካያኩን ጠርዝ አልለቅ ብዬ ነበር። ቀስ በቀስ መቅዘፊያውን በግራ፣ በቀኝ ማስገባት ለመድሁ። ኢታይ፣ "አያችሁ! እትዬ ከእኔ ተማሪዎች ይበልጣሉ" ይላል፣ ለማን እንደሚናገር እንጃ። እውነትም ካያኩ ይሄዳል! አንዴ ስቀዝፍ እንደ ሦስት ጊዜ ይገፋል። ጀርባዬ ላይ ደስ የሚል ሞቅ ያለ ነፋስ ተሰማኝ። ሸምበቆውን አለፍን። ውሃው መጨማደድ ጀምሯል፣ እኔ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ጥሩ አድርጌ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበርና ዝም ብዬ ቀዘፍሁ።

"እንመለስ" አለ ኢታይ በድንገት። ድምፁ ተለውጧል።

ዞር ብዬ አየሁ። ዳሩ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ሆኗል። ድንኳናችን የቱ እንደሆነ አይለይም። የሚገፋን የእኔ ጉብዝና ሳይሆን ነፋሱ ነበር።

"ሻርቂያ ነው" አለኝ። ሻርቂያ ከምሥራቅ፣ ከጎላን በኩል በድንገት የሚወርድ ነፋስ ነው። ከዳር ላለ ሰው ውሃው ጸጥ ያለ ይመስለዋል፤ ወደ መሐል የገባውን ግን እየነዳ ይወስደዋል። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ የማውቀው ኢታይ በተማሪዎቹ ፊት የሚያወጣው ዓይነት የጨዋታ ድምፁ መጥፋቱን ብቻ ነው።

ካያኩን አዙረን ፊታችንን ለነፋሱ ሰጠን። አቧራና ውሃ ፊቴን ይገርፈኛል። "ይቅዘፉ! አይቁሙ!" ይለኛል። ዳር ላይ አንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ይታያል፤ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ቀዘፍሁ። ክንዴ ነደደ። ብዙ ቆይቼ ዛፉን ሳየው አልቀረበም። ከዚያም ብሶ አነሰ።

"ኢታይ፣ እየሄድን አይደለም።"

"እየሄድን ነው! ትንሽ ብቻ!"

"እየራቅን ነው እኮ!"

እሱ መልስ ሳይሰጠኝ አንድ ማዕበል ካያኩን በጎኑ መታው። ምን እንደሆነ አላየሁም። ሰማዩ ተገለበጠ፣ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ጮኸ፣ አፌ ሞላ። ሞትሁ አልሁ። ጃኬቱ እንደ እጅ ብብቴን ይዞ ወደ ላይ መዘዘኝ። ሳስል፣ ስትፋ፣ ካያኩ አጠገቤ ተገልብጦ አየሁት፤ ጠርዙን ያዝሁ።

"ኢታይ!"

"እዚህ ነኝ።" ከወዲያ በኩል በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል። ፊቱ እንደ አመድ ነጥቷል። "ትከሻዬ ወለቀ። በሠራዊት ጊዜም ወልቆ ነበር።" ቀኝ ክንዱ ውሃው ውስጥ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የእሱ ጃኬት ከነስልኩ ከእኛ ርቆ በማዕበሉ ላይ ብቅ ጥልቅ ሲል አየነው፤ ከዚያ ጠፋ። አንዱ መቅዘፊያም አብሮ ሄደ። ሁለተኛው በገመድ ካያኩ ላይ ታስሮ ስለነበር ቀርቷል።

ካያኩን መልሼ እንዴት እንደማቀናው እሱ ነገረኝ፤ እኔ አቀናሁት። "አሁን በሆድዎ ይውጡ። እግርዎን ይምቱ፣ ይሳቡ፣ በሆድዎ ይተኙበት።" አንዴ ሞከርሁ፣ ወደቅሁ። ደግሜ ሞከርሁ፣ ጉልበቴን ላጠኝ፣ ወደቅሁ። በመጨረሻ እንደ ጆንያ ላዩ ላይ ተጋደምሁ። ቀና ብዬ በእግሬ ግራና ቀኝ ተፈናጥጬ ወደ እሱ ዞርሁ።

"ና አንተም።"

"አልችልም። ትከሻዬ... አልችልም።" ከዚያ አማርኛው ጠፋበትና በዕብራይስጥ በፍጥነት ያወራ ጀመር። ዋኝቼ እሄዳለሁ፣ ሺራ ብቻዋን ናት፣ ሰው እጠራለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ጃኬት ስላለሽ ምንም አትሆኚም... "እርስዎ" ማለቱንም ረስቶታል። ዓይኑ የሚያየው እኔን አይደለም፣ ያን ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነው። ካያኩን የያዙት ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲላቀቁ አየሁ።

ያን ጊዜ ከእኔ የወጣው ድምፅ የፋብሪካው ድምፅ ነው።

"ኢታይ! እጅህን እንዳትለቅ! ስማኝ! በአንድ እጅ የሚዋኝ ሰው የለም። ብትለቅ ትሞታለህ፣ እኔም ልጄን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ያዝ!"

ያዘ። ልጅ ሲደነግጥ እንደሚያይ አየኝ።

በሆዴ ተኝቼ የሱሪውን ቀበቶ በሁለት እጄ ጨበጥሁ። "ሦስት ስል እግርህን ምታ።" ሳብሁት። ጮኸ፤ ያን ጩኸት እስካሁን አልረሳሁትም። ካያኩ ሊገለበጥ ዘመመ፣ እኔ በሌላ ጎን ሰውነቴን ጣልሁ፣ ደግሜ ሳብሁ። ግማሽ አካሉ ወጣ። አንዴ ደግሞ። ከፊቴ ተጋድሞ አቃሰተ፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀመጥሁ። የአንገቴን ሻሽ ፈትቼ የወለቀውን ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰርሁለት። የሁለታችንም ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

"መቅዘፊያውን ይያዙ" አለኝ ቆይቶ። "የካያኩን ፊት ወደ ሺራ ያዙሩት።"

ወደ ምሥራቅ አየሁ። ዛፉ አሁን ጨርሶ የለም። ወደ ምዕራብ አየሁ፤ ማዶ ጥብርያ ከተማ ተራራው ላይ ነጭ ነጭ ብላ ትታያለች። ሩቅ ናት፣ ግን ትታያለች።

"አንመለስም" አልሁት።

"ምን?"

"ሁለት ሆነን፣ በአራት እጅ ያልቻልነውን እኔ በሁለት እጄ አልችለውም። ነፋሱ ወዲያ ነው የሚወስደን፤ ወዲያ እንሂድ።"

"እትዬ፣ ማዶ እኮ ነው! ሙሉውን ሐይቅ መሻገር ነው። ሺራ የምትፈልገን እዚህ ነው፣ ፖሊስም የሚፈልገን እዚህ ነው..."

"ይፈልጉን። እኛ ግን እዚህ አንቆይም። አንተ እየበረድህ ነው። እንዴት እንደማይገለበጥ ብቻ ንገረኝ።"

እሱም ቀና ብሎ ጥብርያን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ "ጀርባችንን ለማዕበሉ ይስጡ" አለኝ። "በጎን እንዳይመታን። ከኋላ ሲያነሣዎት አይቅዘፉ፣ መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ አድርገው ብቻ ይያዙ። ሲያወርድዎት ይቅዘፉ።"

እንዲህ አድርገን ጀመርን። ማዕበል ሲመጣ ከኋላዬ ስለሆነ አይታየኝም፤ እሱ ግን ራሱን ጭኔ ላይ እንዳደረገ አንገቱን አዙሮ በጎኔ በኩል ወደ ኋላ ያያል። "መጣ... ይያዙ... ይያዙ... አሁን!" ይለኛል። እሱ ዓይን፣ እኔ እጅ። መሐል ላይ ማዕበሉ ከፍ አለ። አንዳንዱ ሲያነሣን ጥብርያን፣ ተራራውን፣ ሁሉን አያለሁ፤ ሲጥለን ውሃ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ከደቡብ በኩል የሞተር ጀልባ መጣ። ሁለታችንም አየነው። መቅዘፊያውን ከፍ አድርጌ አውለበለብሁ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህሁ። ፋብሪካ ሙሉ ሰው የሚሰማኝ እኔ፣ ድምፄ ከአፌ እንደወጣ ነፋሱ ሲቀማኝ ታወቀኝ። ጀልባው ወደ ምሥራቅ ዳር አለፈ፤ የሚፈልጉን ከሆነ የሚፈልጉን እዚያ ነው። ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ሲጠፋ ኢታይ ማልቀስ ጀመረ። እኔም ማልቀስ አማረኝ፣ ግን መቅዘፊያው በእጄ ነበር።

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ከለቅሶው ይልቅ አስፈራኝ። ሰውነቱ መንቀጥቀጡን እየተወ፣ ዓይኑ እየከበደ ነው።

"ኢታይ፣ አትተኛ። አውራኝ።"

"ምን ላውራ?"

"ያን ማታ ለምን አጎትህን አልላክህም? እሱን አውራኝ።"

እንዲያው ደም ሥሩን ለማሞቅ፣ ለማናደድም ብዬ ነው። መልስ አልጠበቅሁም ነበር።

"ሄጄ ነበር" አለኝ። "አሽዶድ ሦስቴ ሄጃለሁ።"

"እና?"

"እናቴ አባቴን ፈትታ ሌላ ሰው አግብታለች፣ እኔ ትንሽ ሆኜ። አባቴም ከዚያ ብዙ አልቆየም፣ ሞተ። አጎቴ፣ 'ወንድሜን የገደለችው እናትህ ናት፤ ለእሷ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ አልቆምም' አለኝ። በሦስተኛው በሩንም አልከፈተልኝም።" ማዕበል መጣ፤ "ይያዙ... አሁን!" አለና ቀጠለ። "እኔ ያደግሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሌላ የምልከው ሰው የለኝም። ሺራንም እንዳትነግርዎት አስምያታለሁ።"

"ለምን? ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"የማያከብር ነው ቢሉኝ ይሻለኛል፣ የማይፈለግ ነው ከሚሉኝ።"

እጄ መቅዘፍ አላቆመም፤ ውስጤ ግን አንድ ነገር ቆመ። ጫማውን እያየ የተናገረው ቃል ሁሉ ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። እኔ ቤቴ አጥር አጣ ብዬ ሳለቅስ፣ እሱ ከነጭራሹ ቤት የሚባል የሌለው ልጅ ሆኖ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። በቀዘፍሁበት መካከል እጄን አንሥቼ ራሱን ዳሰስሁት። "አይዞህ ልጄ" አልሁት። እሱም እንቅልፉን ተወው።

ፀሐይዋ ከጥብርያ ተራራ ኋላ ልትገባ ስትል ዳሩ ቀረበ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል የኢታይ ፊት ጨለመ።

"ይሰማዎታል?"

ሰማሁት። ድንጋይ ላይ የሚሰበር ማዕበል ነው። ሐይቁን ሁሉ ተሻግሮ የመጣው ውሃ ጉልበቱን የሚጥለው እዚህ ነው። ዳሩ በጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው፣ አረፋው ከሰው በላይ ይዘላል። ስንት ሰዓት ሙሉ ናፍቀነው የቆየነው ዳር ሊገድለን ነው።

"ድንጋይ የሌለበት ቦታ ይፈልጉ። ሸምበቆ፣ አሸዋ፣ ምንም ነገር..."

ያን ጊዜ ነው ሰዎቹን ያየሁት። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ ድንጋዩ ላይ እየዘለሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንደኛው ቀይ ሸሚዙን አውልቆ ወደ ግራችን፣ ወደ ግራችን ያመለክታል። በዚያ በኩል በድንጋዮቹ መካከል ጠበብ ያለ ሸምበቆ አለ። ወደዚያ ለመሄድ ግን ጎናችንን ለማዕበሉ መስጠት ግድ ነው።

"አይደርስም" አለኝ ኢታይ።

"ይደርሳል። እየው ማዕበሉን፣ ንገረኝ።"

በቀኝ ብቻ ቀዘፍሁ። ክንዴ የእኔ አልነበረም። "መጣ! ያስተካክሉ! ጀርባ!" አስተካከልሁ። አለፈ። ደግሞ በቀኝ። "መጣ!" አለፈ። አንድ ድንጋይ በአጠገባችን ጥርሱን አውጥቶ አለፈ። ሦስተኛውን አላየውም፤ ወይም አይቶ ለመናገር ጊዜ አላገኘም። አነሣንና ጣለን።

ሁለተኛ ውሃ ውስጥ ነኝ። በዚህ ጊዜ ግን እጄ የኢታይን ቀበቶ እንደጨበጠ ነው። ማዕበሉ አንከባለለን፣ ክርኔ ድንጋይ መታ፣ ጣቴን ግን አልፈታሁም። ከዚያ እግሬ ስር ጭቃ ተሰማኝ። መሬት! ልቆም ስል ወደቅሁ፤ ጠንካራ እጅ አንገትጌዬን ያዘኝ። ባለ ቀይ ሸሚዙ ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሌላው ኢታይን አቅፎ ያወጣል።

ሸምበቆው ውስጥ ተቀመጥን። ሰውየው ፎጣ ደርቦልኝ በዕብራይስጥ፣ "ከየት ነው የመጣችሁት?" አለኝ።

በእጄ ወደ ምሥራቅ አመለከትሁ። ተራራው በመጨረሻዋ ፀሐይ ቀልቷል። ሰውየው ሐይቁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ።

የልጄን ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን አልታዘዝ ስላለኝ እሱ ደወለልኝ።

"ሄሎ?" አለች ሺራ። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት የሌላ ሰው ሆኗል። ከጀርባዋ የፖሊስ ሬድዮ ይሰማል።

"ሺራዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ኢታይስ?" አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ።

"አጠገቤ ነው። ትከሻው ወልቋል እንጂ ደህና ነው።"

ያን ጊዜ የጮኸችውን አልጽፈውም። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

አምቡላንስ መጥቶ ሆስፒታል ወሰደን። ትከሻውን ከመመለሳቸው በፊት አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ መጣችና፣ "ዘመድ ማነው?" አለች። ኢታይ መልስ ፍለጋ ጣሪያውን አየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ሁልጊዜ እንዲህ ጣሪያ እንደሚያይ ገባኝ።

"እናቱ ነኝ" አልኋት።

ነርሷ ጻፈች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው እስኪመለስም አልዞረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወደ ቂርያት ጋት እንደተመለስን እኔ ራሴ አጎትየው ዘንድ አሽዶድ ሄድሁ። በሩን ከፈቱልኝ፣ አክብረው አስቀመጡኝ፣ ሰሙኝ፤ እምቢ ግን አሉ። ነገሩ ሁሉ እንደ ተረት አልተፈታም። እኔም ተመልሼ ሰፈራችን ያሉ ሦስት አዛውንት ለመንሁ፤ ከባለቤቴ ጋር የኖሩ፣ እኔን ከልጅነቴ የሚያውቁ ናቸው። "ለማን ነው የምንቆመው፣ ለአንቺ ወይስ ለልጁ?" አሉኝ። "ለልጁ" አልኋቸው። ጋቢያቸውን ለብሰው ደጄን ሲያንኳኩ፣ የላክኋቸው እኔው፣ በሥርዓቱ "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኢታይ ግን አልሳቀም። ሦስቱ አዛውንት "ልጃችን" ብለው ስሙን ሲጠሩ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር።

ዛሬ ሺራና ኢታይ ተጋብተው እዚሁ ከተማችን፣ ካርሜ ጋት ሰፈር ይኖራሉ። አንጣላም እንዳይመስላችሁ፤ እንጣላለን። ጃኬቱን ባለመልበሱ አሁንም እቆጣዋለሁ፤ እሱም አሁን ተማሪዎቹን ሁሉ ከመልበሳቸው በፊት ውሃ አያስነካም አሉ። ነፋስ መስኮቱን ሲያንኳኳ ዛሬም ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ደፋር ሆንሁ አልልም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ፣ እሱ ወደነበረበት ቤት፣ እሱ ወደነበረበት ዘመን እቀዝፍ ነበር። ደከመኝ እንጂ አልቀረብሁም። ሐይቁ ላይ "አንመለስም" ያልሁ ጊዜ ስለ ካያክ ብቻ ነበር የተናገርሁት፤ ከሳምንታት በኋላ ልብሱን ለችግረኛ ለመስጠት ቁምሳጥኑን ስከፍት ነው ያ ቃል ምን እንደነበር የገባኝ። ሰዎች፣ "አምላክ አተረፈሽ" ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ግን አምላክ ነፋሱን አላቆመልኝም። በነፋሱ እንድሄድ ነው የፈቀደልኝ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ መጥቶ ያስቀየማችሁ፣ አንገቱን ደፍቶ የማይረባ መልስ የመለሰላችሁ ሰው ካለ፣ ሁለተኛ ጠይቁት። የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ የኀፍረት መልስ ነው። እኔ ሁለተኛ ለመጠየቅ የሐይቅ መሐል አስፈለገኝ፤ እናንተ ግን ቤታችሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ወንበር ስባችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ።